የውባንች ጥንስስ

«ልቀቅ እንጂ ዘሩ! ለቀስተኛ ይሰማናል» አለች የሻረግ በሹክሹክታ።

ዘሩ የእንስራውን አንገት በሁለት እጁ እንዳነቀ ነው። ሚስቱ ውባንች በወባ ሞታ የተቀበረችው ከትናንት ወዲያ ነው። ውጭ፣ ዳሱ ሥር፣ የቆላዋ ኮኪት ከተማ ሰው ንፍሮ እየዘገነ ተቀምጧል። ጎረቤቷ የሻረግ ወደ ጓዳ የገባችው ውባንች በታመመች ዋዜማ የጠነሰሰችውን ጠላ ልትደፋ ነበር።

«ወንድ ጠላ ሲጠምቅ የት አየህ? ይበላሻል፣ ድፋው።»

«የእጇ ሥራ ነው፣ አይደፋም! ለአሥራ ሁለቷ ለቀስተኛው ይጠጣዋል።»

«እንግዲህ ያንተ ጉዳይ» ብላ ወጣች።

ዘሩ ስለ ጥንስስ የሚያውቀው ድምፁን ብቻ ነው። በሰባ ሁለት ዓመተ ምህረት ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ ወባ ሲጥለው ጓደኞቹ ጥለውት ሄዱ። አስታማ ያነሳችው፣ ኋላም ያገባችው ጠላ ሻጯ ውባንች ናት። አፏ እሳት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የቀበሌ ጥበቃዎች ለወታደርነት ወንድ ሲያፍሱ፣ ባሏን ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር ከጋን ጀርባ ደብቃ ደጃፉ ላይ ቆመች። «ጓዳዬ ያለው ጠላ ነው። ጠላ ይዘምታል?» አለቻቸው። ዘሩ ሦስት ቀን እዚያው ሲቀመጥ ጥንስሱ ከጆሮው ሥር ቲስ ቲስ ይል ነበር።

አሁንም ከቀብሩ በአራተኛው ቀን አረፋው እስከ አፉ ሲገነፍል ደስ አለው። በማግስቱ ግን ጭጭ አለ። ዘሩ ደነገጠ። ከፍቶ አማሰለው፤ ብቅል ጨመረበት። ትንሽ ተንፈቀፈቀና እንደገና ዝም። ጠዋት ከፈተው፤ ቀትር ላይ ከፈተው። ለቀስተኛ እያናገረ ልቡ ጓዳ ነው። በዘጠነኛው ቀን ክዳኑን ሲያነሳ ሽታው አፍንጫውን ቆረጠው። ጓዳው ጥግ የተከመረውን ማገዶ በእግሩ ረግጦ በታተነው፤ ከዚያ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ የሻረግን ጠራት።

በጣቷ ቀመሰችና ፊቷን አኮማተረች።

«በቀን ስንቴ ከፈትከው?»

«ማን ቆጥሮት!»

«ሲገነፍል በረታ አልክ፤ ዝም ሲል ሞተ አልክ። ዘሩ፣ ጥንስስ ሲጮህ ይኖርልሃል እንዴ? ብቅሉን ሲጨርስ እኮ እርሾው ወደ ታች ይሰክናል። ዝም ሲል ነበር ከድነህ መተው። በዚህ ቆላ ሙቀት ነፋስ ባስገባህበት ቁጥር ይኸው ኮመጠጠ።»

«ታዲያ ምነው አትነግሪኝም ነበር!»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

ዘሩ ጮኸ። «እሷስ! አንድ ቀን እንኳ ጠጋ በል፣ እይ ብላኝ አታውቅም። ወንድ ጓዳ ምን ያደርጋል እያለች ስታባርረኝ ኖረች! እኔ ከየት አውቄ…» ድምፁ ተሰበረ። «የሞተች ዕለት ስትቃዥ ውላ ከሰዓት በኋላ ጭጭ አለች። ተሻላት ብዬ እኮ ነው፣ የሻረግ። ሸሕዲ ከተማ ሐኪም ጋ የሚያደርሳት መኪና ለምኜ አግኝቼ ነበር፤ እንቅልፍ ወስዷታል፣ አልቀሰቅሳትም ብዬ መለስኩት።»

ከተቀበረች ጀምሮ እንባ ያልወጣው ሰው ተንሰቀሰቀ።

የሻረግ ሲወጣለት ጠብቃ፣ ከላይ ያለውን ኮምጣጣ በቅል እየቀዳች ደፋችው። ታች የቀረውን ዝቃጭ አሸተተችው።

«ይኼ ምናልባት ነፍስ አለው። አዲስ ብቅል ጨምሬለታለሁ፤ ከተነሳ ለአርባዋ ይደርሳል። ከሙቀት ጠብቀው። ደግሞ እንዳትከፍተው!»

ብቻውን ሲቀር ኩታውን አውልቆ በውኃ ነከረና እንስራውን ዙሪያውን አለበሰው። አጠገቡ ተቀመጠ። ምንም አይሰማም። ቆይቶ እጁ ወደ ክዳኑ ተዘረጋ። አልከፈተውም። ከእንስራው ትከሻ ተንሸራቶ የወረደውን እርጥብ ኩታ ቀስ አድርጎ መልሶ ደረበለት።