ለሽማግሌ የማይነገር

ተሬፋ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ አምቦ መጥቶ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የገባው ጡረታ ሰልችቶት አይደለም። በአገሩ በጌዶ እንደዚያ ብለው አሙት፤ ሐሜተኛ ምን ሥራ አለው! እውነቱ ሌላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጤና ጣቢያ አገልግሏል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ የምእመናኑ ሽማግሌ ሆኖ ሲሰብክ ኖሯል። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልጁ ሴና፣ «አባ፣ አንተ ለስብከት ስትነሳ ወጣቱ ለምን ውልቅ ብሎ እንደሚወጣ ጠይቀህ ታውቃለህ?» አለችው። ጠይቆ አያውቅም። ያን ሁሉ ዓመት «ተባረኩ» እያለ እጁን ከጨበጠው ሕዝብ መካከል እውነቱን የነገረው አንድም ሰው አልነበረም።

ስለዚህ እንዲነገረው ብሎ መጣ።

ኮሌጁ ውስጥ የስብከት ልምምድ የሚባል ትምህርት አለ። አንዱ ተነስቶ ይሰብካል፤ ሲጨርስ ጓደኞቹ ጉድለቱን ይነግሩታል፤ መምህሩ ወይ ያሳልፈዋል ወይ ያስደግመዋል። ባለፈው ሐሙስ መርጋ የሚባለውን ልጅ እንደ ጤፍ ወቅተውት ነበር። ዛሬ ተራው የተሬፋ ነው።

ስለ ጠፋችው በግ ጀመረ። ከበጓ ወደ ሸነን ከተማ መንገድ ገባ። ከሸነን ወደ ድሮ የክትባት ዘመቻ ሄደ፤ ከዘመቻው ወንዝ ውስጥ ወደ ወደቀችው በቅሎው፤ ከበቅሎዋ ደግሞ በዛሬ ወጣቶችና በስልካቸው ላይ ወረደ። ሲጨርስ ላብ አጥምቆታል።

«እሺ፣ አስተያየት» አለ መምህር ብዙነህ። ብዙነህ የጌዶ ልጅ ነው፤ በሕፃንነቱ ክንዱን ይዞ የከተበው ተሬፋ ራሱ ነው።

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ኦሊቃ የሚባል ተማሪ ተነሳ። «ኦቦ ተሬፋ፣ ተባርከናል። ዋቃዮ ዕድሜ ይስጥዎት።»

«አሜን!» አሉ ሁሉም።

«አባቶች ሲናገሩ የእኛ ድርሻ መስማት ነው» አለ መርጋ።

«አሜን!»

ብዙነህ እስክሪብቶውን አነሳ። «በጣም ጥሩ። አልፈዋል። ቀጣይ...»

«ቆይ!» አለ ተሬፋ። «ምን ስላደረግሁ ነው ያለፍኩት?»

«እንዴት፣ ኦቦ?»

«ይህን መርጋን ባለፈው አፈር አብልታችሁታል! መግቢያ የለውም፣ መደምደሚያ የለውም፣ ድምፁ የዶሮ ነው አላችሁት። እኔ መልአክ ነኝ?»

ክፍሉ ሳቀ። ብዙነህ ግን አልሳቀም። «እርስዎ አባታችን ነዎት። እኔ እርስዎን እንዴት ብዬ...»

«እዚህ ቤት ተማሪህ ነኝ! ስከትብህ አልቅሰህ ነበር። አለቀስክ ብዬ ተውኩህ? ወጋሁህ እንጂ!»

አክብሮት ነው ይላሉ። እንዲህ ያለው አክብሮት ሰውን ከነስህተቱ በቁሙ መቅበር ነው። ሽማግሌውን ከፊት ወንበር ያስቀምጡታል፣ አሜን ይሉታል፣ የሚለውን ግን አይሰሙም፤ የሰማውማ ስህተቱን ባየ ነበር። ተሬፋ በዚህ አሜን ተሸኝቶ ቢመለስ ምስክር ወረቀት ይዞ ያንኑ ስብከት ይሰብካል፤ ወጣቱም ያንኑ በር ከፍቶ ይወጣል።

ከአዲስ ዓለም የመጣች ዱረቲ የምትባል ተማሪ እጇን በግማሽ አነሳች። «ኦቦ፣ ካልተቆጡ...»

«እቆጣለሁ። ተናገሪ።»

«በጓን ሳያገኟት ጨረሱ።»

አንዳንዱ ተማሪ አንገቱን ደፋ፤ እሷ ግን ቀጠለች።

«በጓ ሸነን መንገድ ላይ ቀረች። እረኛውም የት እንደገባ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ያሉት እርስዎና በቅሎዋ ብቻ ናችሁ።»

«በቅሎዋ ምን አደረገችሽ!»

«ምንም። ግን ስለ ስልካችን መቆጣት ሲጀምሩ እኔም ስልኬን አወጣሁ።»

የተሬፋ ፊት ጋለ። ይህን ሊሰማ ነው ቤቱን ጥሎ የመጣው፤ እንዲህ እንደሚያቃጥል ግን አላሰበም። «ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ እኔ በአባትሽ ዕድሜ...» የሚለው ነገር ጥርሱ ድረስ መጣ። ዋጠው።

እሷ በሩን ከከፈተች በኋላ ማን ይመልሳቸው! አንዱ ረዘመ አለ፤ ሌላው ጥቅሱን አንብበው ተዉት አለ። መርጋም ብድሩን መለሰ፦ «ድምፅዎ እንኳ የዶሮ አይደለም። ግን ጨረሱ ብዬ ስንት ጊዜ መጽሐፌን እንደዘጋሁ!»

ብዙነህ ጠረጴዛውን እያየ፣ «ኦቦ ተሬፋ፣ ሐሙስ ይድገሙት» አለ።

ምሳ ላይ ተሬፋ ሽሮውን ይዞ ግድግዳ ሥር ብቻውን ተቀመጠ፤ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተወው። ከዚያ ሳህኑን አንስቶ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ሄደና ዱረቲ ራስጌ ቆመ።

«አሁንም ተቆጥተዋል?» አለችው።

«በጣም። እረኛው የጠፋብሽ ምን ላይ ስደርስ ነው?»

«ከሸነን በፊት።»

«ከሸነን በፊት የት ላይ? ቦታውን ንገሪኝ!»

ዱረቲ ሳህኗን ወደ ራሷ ስባ ቦታ ለቀቀችለት።