ሬዲዮ ካልገባ አልገባም

ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ ከወረደ ወዲህ የዓመት ትኬቱን ላለማደስ ምክንያት ያጣ ደጋፊ አልነበረም። አንዱ ጉልበቱን አመመው፣ ሌላው ድንገት ሚስቱን ማገዝ አማረው፣ ኳስ ድሮ ቀረ ብሎ የተከዘም ነበር። መነጽር ሠሪዋ ግን ምክንያት አልፈለገችም። የፈለገችው ወንበሯን ነው። ወንበሩ ከመሃል መስመሩ ትይዩ፣ ከአሰልጣኙ ጀርባ ጥቂት ረድፍ ከፍ ብሎ የተተከለ ነው፤ ከዚያ የተወረወረ ስድብ ሳይቀዘቅዝ አሰልጣኙ ጆሮ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ወንበር አንዴ ከእጅ ከወጣ ተመልሶ አይገኝም።

ችግሩ ወንበሩ የብቻዋ አለመሆኑ ነው። የያዙት ክለቡ «የቤተሰብ ትኬት» የሚለውን ነበር፤ ሦስት ወንበር ጎን ለጎን፣ የሚታደሰውም ሦስቱም ሰዎች በአካል ቀርበው ሲፈርሙ ብቻ። አንዱ ከቀረ ሦስቱም ወንበሮች ለሌላ ይሰጣሉ። በአንደኛው እሷ፣ በመሃለኛው ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር አባቷ፣ በሦስተኛው የእናቷ ወንድም ይቀመጣሉ። አጎቷ ፀጉር አስተካካይ ነው። መቀሱ ቢያርፍ አፉ አያርፍምና ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ይለዋል።

የማደሻው ጊዜ የሚያበቃበት ቀን ጠዋት ሬዲዮ ደወለ።

«እኔ ዘንድሮ የለሁበትም» አላት።

«የለሁበትም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ደክሞኛል፣ የእህቴ ልጅ። ጉሮሮዬም ተዘግቷል።»

«ኳስ የሚታየው በጉሮሮ ነው እንዴ?»

ለሰላምታ እንኳ ሩብ ሰዓት የሚፈጀው ሰው መልስ ሳይሰጥ ስልኩን ዘጋው።

ወደ ማድ ቤት ገባች። አባቷ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱን እንደ አውቶቡስ ነው የሚያስተዳድረው፤ ድስቶቹን በቁመታቸው አሰልፎ፣ እናቷ አንዱን ባነሳች ቁጥር ወዴት እንደምትወስደው ይጠይቃታል።

«አባዬ፣ ሬዲዮ አልገባም አለ።»

አባቷ የያዘውን ክዳን አስቀመጠ። «ሬዲዮ ካልገባ እኔም አልገባም።»

«ለምን? ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ‹ዝም በል፣ አደነቆርከኝ› የምትለው እሱን አይደል?»

«አልገባም አልኩ፣ አልገባም።»

እናቷ ከምድጃው ዘወር ሳትል «ስሙኝ» አለች። «ቅዳሜ ከሰዓት ይሄ ሰውዬ ከቤት ካልወጣ እኔ እወጣለሁ። ወዴት እንደምሄድ ደግሞ ለማናችሁም አልናገርም።»

መነጽር ሠሪዋ ነገር ሲጓተት አትወድም። ለአጎቷ መልሳ ደውላ፣ ከሰዓት በኋላ ስታዲየም ካልተገኘ ፀጉሯን ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው ተፎካካሪው ዘንድ ሄዳ እንደምትቆረጥ፣ ያውም በሩን አስከፍታ እንደምትቆረጥ ነገረችው። ከዚያ ወደ ሥራዋ ሮጠች። የዚያን ቀን ሥራዋ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሄዶ የሠራተኞቹን ዓይን መለካት ነበር። እንደጨረሰች የመለኪያ ሌንሶቿን ሳጥን በትከሻዋ አንግታ በቀጥታ ወደ ስታዲየሙ አመራች።

ክለቡ መወሰን ላቃታቸው ደጋፊዎች በሩን ክፍት አድርጎ ነበር። እዚህም እዚያም ሰዎች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ልክ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው አንገታቸውን ደፍተዋል። ከታች ተጫዋቾቹ በሜዳው ቀኝ ግማሽ ልምምድ ይሠራሉ። በግራ በኩል ያለው ጎል ቋሚዎቹ ተነቅለው ለብየዳ ሄደዋል፤ በቦታው ሁለት ጉድጓድና አንድ የተገለበጠ የእጅ ጋሪ ቀርቷል።

አባቷን የእናቷ ዛቻ፣ አጎቷን የፀጉሯ ዛቻ አስፈርቷቸው ሁለቱም ቀድመዋት ደርሰው፣ በየወንበራቸው ተኮራርፈው ተቀምጠዋል። እሷም በቦታዋ ተቀመጠች።

«እሺ» አለች። «ማን ነው ምክንያቱን የሚነግረኝ?»

«ወረዱ፣ ተዋረዱ፣ በቃ» አለ ሬዲዮ። አነጋገሩ አጭር ስለነበር ደነገጠች።

አባቷ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ወደ ሜዳው አየ። ትንሽ ቆይቶ ልቡ ራራ መሰል፣ በጣቱ ወደ ግራ እያመለከተ «ያንን ጎል እዩት እስቲ» አለ። «ዘንድሮ ስንት ኳስ ጠጣ! መረቡ ራሱ ታክቶታል። ቀለም ግን ቀብተውታል መሰለኝ፣ አምሮበታል።»

መነጽር ሠሪዋ ጣቱን ተከትላ አየች። ጋሪው ነው። ከጋሪው ሌላ ምንም የለም።

ሬዲዮ በኃይል አሳለ። «አዎ… ቀለሙ… ጥሩ ነው» አለ።

«ጋሽዬ፣ የምኑ ቀለም ነው ጥሩ?»

ሬዲዮ ጫማውን ያይ ጀመር።

«አባዬ፣ ውጤት ሰሌዳው ላይ ምን ተጽፏል?»

አባቷ ወደ ሬዲዮ ጎን ዘንበል አለ። ሬዲዮ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው። «አንተ እንዳትተነፍስ!»

«የክለቡ ስም ነዋ» አለ አባቷ ኮራ ብሎ። «ሌላ ምን ይጻፍበታል?»

ሰሌዳው ላይ የነበረው የፍራሽ ማስታወቂያ ነው። አንዲት ሴት የቤት በር በሚያህል ትራስ ላይ ተኝታለች።

ያን ጊዜ ገባት፤ ስለገባትም ተናደደች። በመጀመሪያ የተናደደችው በራሷ ነው። የከተማውን ሰው ዓይን ስትለካ ትውላለች፣ ቤቷ ውስጥ ያለው ዓይን ግን አምልጧታል። አንድ ጊዜ የሠራችለትን ቀላል የሩቅ መነጽር ሲተወው እንኳ አላስፈለገውም ብላ ረስታው ነበር። አባቷ በዚህ ዕድሜው ጋዜጣ ያለ መነጽር ሲያነብ ስታይ «እግዜር የባረከው ዓይን» እያለች ለሥራ ባልደረቦቿ ስታወራ ነበር። የቅርቡን እንዲህ አጥርቶ የሚያይ ሽማግሌ የሩቁ እንደማይታየው አንድ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ከበር ሳያልፍ ታውቅበት ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መልስ የሰጠው ሬዲዮ ነው፤ ታፍኖ የቆየ ሰው ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ አወረደው። «ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሙሉ ኳሱ ወደ ግራ ሄደ፣ ኳሱ ወደ ቀኝ መጣ፣ እከሌ ወደቀ፣ እከሌ ተነሳ! ሳምንቱን ሙሉ ለደንበኛ አወራለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ ለዚህ ሰውዬ። እኔ ራሴ አንድ ጨዋታ በሰላም አላየሁም። አንቺ ደግሞ ‹ዓይን አለን እኮ፣ ምን ያስለፈልፍሃል› እያልሽ በጥፊ እንደመታሽኝ ታሳፍሪኛለሽ። ምን ልበልሽ? ‹አዎ፣ አንቺ አለሽ፣ እሱ የለውም› ልበል?»

«ምስጢር ጠባቂ ነኝ ብለህ ነበር» አለ አባቷ።

«ጠብቄያለሁ! እኔ አይደለሁም ጋሪ ቀለም የቀባሁት!»

«ምን ጋሪ?»

«ቆይ ቆይ» አለች መነጽር ሠሪዋ። «አባዬ፣ መነጽር ሠርቼልህ ነበር እኮ። የት አደረስከው?»

አባቷ ዙሪያውን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ቀን አድርጌው እዚህ መጣሁ። ጨዋታው ሳያልቅ አምስት ለዜሮ ተመራን።»

«እና?»

«እና ምን እና? ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ‹ዛሬ ማን ነው እግረ ደረቅ የገባብን› ሲሉ ሰማኋቸው። አዲስ ነገር ይዤ የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። ወዲያው አንድ አገባን።»

«ከዚያማ ስድስት ለአንድ ሆነ» አለ ሬዲዮ።

«አገባን ግን!»

«አባዬ፣ የዚያን ቀን በረኛችን ገና ከመጀመሩ ቀይ ካርድ አይቶ ወጥቷል!»

«ለምን አየ? እሱን ንገሪኛ!»

«እሺ፣ ያለ መነጽርህስ ይኸው ወረድን አይደል?»

አባቷ አገጩን አሻሸ። ይህን ከዚህ ቀደም አስቦበት እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ይነበባል። «ባደርገው ኖሮ» አለ በመጨረሻ፣ «ከዚህም በታች እንወርድ ነበር።»

«ከዚህ በታች ያለው የሰፈር ቡድን ነው!»

ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸና፣ የትኬት መስኮቱ በቅርቡ ስለሚዘጋ ያልወሰናችሁ ወስኑ አለ። ከወዲያ ማዶ ሁለት ሰዎች ተነስተው ትከሻቸውን እየነቀነቁ ወደ መውጫው ሄዱ። ማንም ወደ መስኮቱ አልሄደም።

መነጽር ሠሪዋ የሌንሶቹን ሳጥን ጭኗ ላይ ከፈተች። የመለኪያ ክፈፉን፣ ያን ክብ፣ ብረታ ብረት የበዛበትን አስቀያሚ ነገር አወጣች።

«አላደርግም» አለ አባቷ።

«ይሄ መነጽር አይደለም፤ መለኪያ ነው። መለኪያ አድርጎ የተሸነፈ ቡድን ሰምተህ ታውቃለህ?»

አባቷ ወደ ሬዲዮ ዞረ። ሬዲዮ «እኔስ አልሰማሁም» አለ በቁም ነገር።

ክፈፉን አፍንጫው ላይ አስቀመጠችና ሌንሶቹን በየተራ ትጨምር፣ ትቀንስ ጀመር። «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ? አትቸኩል። ይሄስ?» ራሷ ቸኩላ እያለች ሰውን አትቸኩል ስትል ሳቋ መጣ። ሌንሶቹ ተደራረቡ፣ አባቷ ብየዳ ሊጀምር የተሰናዳ ሰው መሰለ። «ይሄ ለዛሬ ነው። ሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ ይዤህ እሄዳለሁ፣ የዓይን ሞራም ሊሆን ይችላል። ያኔ ማምለጫ የለህም።»

አባቷ አልሰማትም። ወደ ግራ እያየ ነበር።

«ጋሪ ነው እንዴ!» አለ።

«ጋሪ ነው» አለ ሬዲዮ።

«ፍራሽ ላይ የተኛችው ሴትዮስ ማን ናት?»

ከዚያ ዓይኑ ወደ ተጫዋቾቹ ሄደ፣ እዚያም ቀረ። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ወረደ።

«ሬዲዮ» አለ።

«አቤት።»

«ያ ሰባት ቁጥሩ ነው?»

«እሱ ነው።»

«እንደ ነፋስ ነው የሚሮጠው ያልከኝ?»

«ነፋስም እኮ ቀስ ያለ አለው።»

«አጥቂው ቁመቱ የስልክ እንጨት ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«አሁን ተቀምጦ ነው።»

«ቆሟል!»

ሬዲዮ ላቡን ጠረገ። «ምን ላድርግ? የማየውን ብነግርህ ታዝን ነበር። ትንሽ ጨመር አደረግኩበት። ለሰውም ፀጉርህ ሳስቷል ብዬ አልነግረውም፣ ‹ግንባርህ ሰፋ› ነው የምለው።»

«አግዳሚውን መታ ያልከኝ ኳስ ሁሉስ?»

«አንዳንዱ… ወደ አግዳሚው አቅጣጫ ሄዷል።»

ሰባት ቁጥሩ ተንደርድሮ መታ። ኳሱ ከአግዳሚው በላይ፣ ከመረቡ ጀርባ ካሉት ወንበሮችም በላይ አልፎ ከአጥሩ ውጭ ወደቀ፤ የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። አባቷ ክፈፉን አስተካክሎ ኳሱ የተሻገረውን አጥር አየ።

መነጽር ሠሪዋ መቸኮሏን ረገመች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ግን የምትለቅመው እንኳ የቀረላት አልመሰላትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው በሬዲዮ አፍ የተሠራ ድንቅ ቡድን ሲደግፍ ኖሯል። ያንን ቡድን አሁን በገዛ እጇ ወሰደችበት። እውነተኛውን አይቶ ማን ተመልሶ ይመጣል? ወንበሮቹን በዓይኗ ስትሰናበት፣ አሰልጣኙ ከታች እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲቆም አየች። ለእሱ ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ባክኖ ሊቀር ነው።

አባቷ ተነሳ።

«ሦስት ዓመት» አለ። «ሦስት ዓመት እነዚህን ልጆች ስሰድብ የኖርኩት በስማ በለው ነው!»

«አባዬ…»

«በሰው ወሬ! የትኛው እንዳጠፋ ሳላይ! ደህናውን ስሰድብ፣ ቀሽሙን ሳወድስ! ለዚህ ሰባት ቁጥር አጨብጭቤለታለሁ እኮ፣ አንቺ!» ወደ ሜዳው ዞሮ እጁን ዘረጋ። «አንተ! ሰባት ቁጥር! ኳሱ ምን በደለህ?»

ሰባት ቁጥሩ ቀና ብሎ አየ። ብረት ፊቱ ላይ የደረደረ ሽማግሌ ሲያይ ግራ ገባውና እጁን ለሰላምታ አነሳ።

«አየኝ!» አለ አባቷ። «አየኋችሁ፣ አየኝ! በል ተነስ ሬዲዮ፣ እንሂድ። ይሄ የአንድ ዓመት ሥራ አይደለም፣ ገና ብዙ ያልተሰደበ አለ።»

ሬዲዮ ግን አልተነሳም። «እኔ ዘንድሮ አላወራም ብያለሁ።»

«ማን አውራ አለህ? ቁጭ ብለህ እይ።»

«ምንም ሳልናገር?»

«ትንፍሽ ሳትል።»

የሬዲዮ ፊት በራ። ወደ ሜዳው አየ፤ በሰላም ተቀምጦ ማየት ምን እንደሚመስል ለማስታወስ የሚሞክር ይመስል ነበር። «ታዲያ ይሄን ከጠዋቱ ለምን አትሉኝም?» ብሎ ብድግ አለ።

ደረጃውን ሮጠው ወረዱ። መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት መጋረጃውን ግማሽ ድረስ አውርዳ ነበር፤ ሦስት ሰው በአንዴ ሲመጣባት ደንግጣ መልሳ ከፈተችው። ቀኑን ሙሉ ለማደስ የመጣ ሰው ብርቅ ሆኖባት እንደዋለ ያስታውቃል።

«ልታድሱ ነው?» አለች። «እርግጠኛ ናችሁ? አባቴ፣ ዓይንዎን ምን ነካዎት?»

«መለኪያ ነው» አለ አባቷ። «በቅርቡ ያልፋል።»

«እሺ። ከዘንድሮ ጀምሮ ስም በየወንበሩ ላይ ይለጠፋል። ማን የት እንደሚቀመጥ ንገሩኝና ፈርሙ። በኋላ መቀያየር የለም።»

«እኔ በዚህ ዳር» አለ አባቷ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «እሱ በዚያኛው ዳር። ልጄ መሃል ትሁን። ከእንግዲህ በራሴ ዓይን ስለማይ ከጎኔ የሚለፈልፍ አልፈልግም።»

ሬዲዮ ተቀየመ። ወደ መነጽር ሠሪዋ ግራ ጆሮ ተጠግቶ፣ እሱ ሰውየውን ዝናብና ፀሐይ ሳይል ሦስት ዓመት ያሳየውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ይተርክላት ገባ። በቀኝ ጆሮዋ አባቷ፣ አሰልጣኙ ወደ መልበሻ ክፍል ሲሄድ አካሄዱ ራሱ የተሸናፊ እንደሆነ፣ ይህንንም አሁን በገዛ ዓይኑ እንዳረጋገጠ ያስረዳታል።

«መሃል እርስዎ ነዎት?» አለች ወጣቷ እስክሪብቶ እያቀበለቻት።

መነጽር ሠሪዋ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አየች። ሁለት ጆሮዋን ለአንድ ዓመት ማከራየቷ እንደሆነ ገብቷታል።

«እኔ ነኝ» ብላ ፈረመች፤ ሬዲዮ ሐሳቡን ሳይቀይር እንዲፈርም እስክሪብቶውን በፍጥነት እጁ ላይ ጣለችለት።