የጓሮው ካሜራ

የአሮጌውን ኮምፒውተር ክዳን ስከፍት መጀመሪያ የወጡት በረሮዎቹ ናቸው። አንዱ በክንዴ ላይ ሽቅብ ሮጠ፣ ሌሎቹ ጠረጴዛው ሥር ተበተኑ። ውስጡን የሞላው አቧራ አይደለም፤ ዱቄትና የዘይት ጭስ ለዓመታት ተጋግረው የሠሩት ቡናማ ቅርፊት ነው፤ በጥፍር ሲነኩት ይለጠፋል። ሃያ ዓመት ኮምፒውተር ስጠግን የሞተ እንሽላሊትም የልጅ ጥርስም ከውስጡ አውጥቻለሁ፤ እንደዚህ ያቅለሸለሸኝ ግን የለም። ደግሞ እኮ ከግድግዳው ማዶ የሰፈሩ ዳቦ እየተጋገረ ነው።

የዳቦ ቤቱን ባለቤት ሠራተኞቹ ነጩ ጋሼ ይሏቸዋል። ነጭ ጋዋናቸው እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ነው፤ ጠብታ እንኳ አይገኝበትም። ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ "ንጽሕና የጤና መሠረት ነው" የሚል ተለጥፏል።

"አዲሱ ኮምፒውተር ይኸው" አሉኝ። "ካሜራዎቼን ልክ እንደነበሩ አድርገህ አዛውርልኝ። ሰባት ናቸው። የድሮ ቅጂ አልፈልግም፤ ስትጨርስ አጥፋው።"

"እሺ ጋሼ።"

ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። "ይህንን ለእህትህ ስጣት። ዛሬ ካልፈረመች የሥራ ምስክር ወረቀት የሚባል ነገር የለም። አንተ እንኳ ነገር ይገባሃል፤ ምከራት።"

ታላቅ እህቴ እዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሊጥ አቡክታለች። የዛሬ ሃያ ስድስት ቀን አንዲት እናት ለልጇ በቆረሰችው ዳቦ ውስጥ የአይጥ ጅራት አገኘች። ዳቦውን ይዛ ስትመጣ ነጩ ጋሼ እህቴን ከማቡኪያው ክፍል ጠሯትና፣ ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት "ይቺ ናት! ንጽሕና ጠብቂ ብዬ ስንቴ ተናገርኳት!" ብለው አባረሯት። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ያላንኳኳችው ዳቦ ቤት የለም፤ ሁሉም ምስክር ወረቀት አምጪ ይሏታል። ይህ ወረቀት ደግሞ "ጅራቱ ሊጥ ውስጥ የገባው በእኔ ቸልተኝነት ነው" ይላል። ከፈረመች ምስክር ወረቀቷን ታገኛለች፤ ካልፈረመች ዘጠኝ ዓመቷን ውኃ በላው።

እሷ "እኔ አይደለሁም" እያለች ከረመች። እኔ ምን አልኳት? "ፈርሚና ተገላገዪ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ምን ቆርጧቸው ይዋሻሉ?" እንዲህ ነው ያልኳት፤ አልደብቅም።

ወደ ሥራዬ ገባሁ። የካሜራዎቹን ስምና ፓስወርድ የያዘውን ፋይል ከአሮጌው ቀዳሁ፣ አዲሱ ላይ ሶፍትዌሩን ጫንኩ፣ ፋይሉን አስገባሁ። ምስሎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። በሩ፣ ወረፋው፣ ምድጃው፣ ማቡኪያው፤ ሰባት ሞሉ። ከዚያ ስምንተኛ ተከፈተ። "ጓሮ" ይላል።

የተከልኩት እኔው ነኝ፤ ከአምስት ዓመት በፊት፣ ጆንያ ዱቄት ከጓሮ እየጠፋ ሲያስቸግር። ሁለት ዓመት ቆይተው ነጩ ጋሼ ደወሉና "ያቺን የጓሮዋን ከስክሪኑ ላይ እንዴት ነው የማነሳት?" አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ከስክሪን ማንሳትና ካሜራ ማጥፋት ለየቅል መሆናቸውን እሳቸው አልጠየቁም፣ እኔም አልተናገርኩም። ከዓይናቸው ስለጠፋች የጠፋች መስሏቸዋል። እሷ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ስትቀዳ ኖራለች፤ ሰላሳ ቀን እያስቀመጠች፣ የቆየውን እያጠፋች።

ጓሮው ውስጥ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል። ሱቆች ሳይሸጡት የመለሱት ዳቦ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፏል፤ ያበጠ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ያወጣ፣ ዝንብ የወረረው። አንድ ሠራተኛ በባልዲ ቀድቶ ወደ ውስጥ ገባ። በማቡኪያው ካሜራ ተከተልኩት። ባልዲውን አዲሱ ዱቄት ላይ ገለበጠው። እኔ ዛሬ ጠዋት ያንን ዳቦ በሻይ እያጣቀስኩ ሁለት በልቻለሁ። ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ።

የአሮጌውን ዲስክ ቅጂ ሃያ ስድስት ቀን ወደ ኋላ መለስኩት። ማለዳ ነው። ነጩ ጋሼ በርሜሉ አጠገብ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆመዋል። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱና አንድ የሚንጠባጠብ ነገር አወጡ። አይጥ ናት። ጅራቷ የለም። ገልበጥ አድርገው አዩዋት፣ በአጥሩ ላይ ወረወሯት፣ እጃቸውን በጋዋኑ የውስጥ ገበር ጠረጉና በዚያው እጅ ማማሰል ቀጠሉ። ስትወረወር እህቴ ባልዲ ይዛ በሩ ላይ ነበረች። በርሜሉን እያሳየች ተናገረች፤ ድምፅ ስለሌለው ያለችውን አልሰማሁም። ጣቱን ወደ መውጫው ቀሰረ። ቆመች፣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቀዳች።

"ቀሰረ" አልኩ እንዴ? አዎ። ከዚህ በኋላ "እሳቸው" የምልበት አፍ የለኝም።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ይቺ አይጥ ደግሞ አልበላችም እንኳ፤ ሰጥማ ነው የሞተችው። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለሠራተኛ በየቀኑ ስድስት ዳቦ ይሰጣል፤ እህቴ ሦስት ዓመት አንድም ወደ ቤት አላመጣችም። እናታችን "ይቺ ቋጣሪ" ትላታለች። እኔን "ከእኛ ዳቦ ቤት አትግዛ" ብላኝ ነበር። "አንቺ ደግሞ ጽዩፍነት አበዛሽ" ብዬ ሳቅሁባትና በማግስቱ ገዝቼ ገባሁ።

የእግሩን ኮቴ ስሰማ ስምንተኛዋን ከስክሪኑ ላይ አነሳኋት፤ መቅዳቷን ግን ትቀዳለች።

"ሰባቱም መጡ?" አለ።

"መጥተዋል ጋሼ። ልክ እንደነበረ ነው።"

"አሮጌውስ?"

"እኔው ወስጄ ላስወግድልዎት።"

"ውሰደው፣ ቆሻሻ ነው።" ከዚያ ትኩስ ዳቦ የሞላ ፌስታል ዘረጋልኝ። "ለእናትህ።"

ተቀበልኩት። ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ፣ "አመሰግናለሁ ጋሼ" ብዬ። እስከ ቤቴ ድረስ ከበረሮውም ከአይጧም ይልቅ ያ ጎንበስ ማለቴ ነው ያቅለሸለሸኝ።

ፌስታሉን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥዬ ገባሁ። እህቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ዲስኩን ከአሮጌው ኮምፒውተር ፈትቼ ላፕቶፔ ላይ ሰክቼ ከፈትኩላት። አንሶላውን ከእጇ ሳትለቅ እስከ መጨረሻው አየች።

"ንጹሕ ነሽ" አልኳት። "ወረቀቱን እቀደዋለሁ።"

"አትቅደደው። ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ ስነግርህ የት ነበርክ?"

"እታለም፣ ማስረጃ ስላልነበረ..."

"እሱንስ ማስረጃ ጠየቅከው?"

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ አጠገቧ አስቀመጥኩት።

"ደግሞ ንጹሕ አትበለኝ" አለች። "መጨረሻውን አየኸው አይደል? ቀዳሁ። ከሥራ እወጣለሁ ብዬ ፈርቼ አቦካሁ። ለእናንተ የተጸየፍኩትን ለሰው ልጅ አበላሁ።"

ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች። ስለ በርሜሉ ጻፈች፣ ስለ ተመላሹ ዳቦ፣ ስለዚያ ቀን፣ ስለ ራሷ ባልዲ። ሳትደልዝ ጻፈችና ፈረመች። "ነገ ከቅጂው ጋር ለዚያች እናት አሳያታለሁ፤ ከዚያ አብረን ወደ ጤና ተቆጣጣሪዎች እንሄዳለን። ምስክር ወረቀቱን ከፈለገ ይብላው።"

ከዚያ ብዕሩን ወደ እኔ ገፋችው። "ፈርሚ ፈርሚ ስትለኝ ነው የከረምከው። አሁን አንተ ፈርም።"

"ምን ብዬ?"

"በላሁ፣ አየሁ፣ እህቴን አላመንኳትም ብለህ።"

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቶሎ ጻፍኳቸው። ሦስተኛውን ስጽፍ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።