ለስላሳው ክንፍ

ሙያዬ እንጨት ማለስለስ ነው። አናጺዎቹ «መስታወት» ብለው የሚጠሩኝ ለቁልምጫ አይደለም፤ እኔ በጨረስኩት ቁምሳጥን ፊት ቆሞ ጺም መላጨት ይቻላል። ጉራ ከመሰላችሁ ይምሰላችሁ።

ልጄ መሐንዲስ ናት። ከባልደረቦቿ ጋር ሆና፣ ከወንዙ ማዶ ላለው ክሊኒክ ደም የምታደርስ ትንሽ ድሮን ትሠራለች። ድሮኗ ባዶዋን እንደ ጉድ ትበራለች፤ ጭነት ሲኖራት ግን ባትሪዋ መንገድ ላይ ያልቃል። ልጄ ጥፋቱ የፕሮፔለሮቹ፣ የሚሽከረከሩት ክንፎቿ ነው ብላ በራሷ ንድፍ አዳዲስ ክንፎች ከእንጨት ጠረበች። ኃላፊዋም «በዛሬው በረራ ካልተሻሻለ ንድፍሽን እንተወዋለን» አላት።

«አባዬ፣ አለስልስልኝ» ብላ ስትሰጠኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። እሷም የእኔ ልጅ ናት፤ ለስላሳ ነገር ሁሉ ይሻላል ስል እየሰማች ያደገች። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ቫርኒሽ ደረብኩ፣ ደግሜ አሸሁ። ዝንብ ብታርፍባቸው ያንሸራትታታል።

ወርክሾፑ ውስጥ ሞተሩ ሚዛን ላይ ታስሯል፤ ክንፉ ሲሽከረከር ምን ያህል እንደሚያነሳ ሚዛኑ ይናገራል። ተናገረም። እኔ ከማለስለሴ በፊት ያነሳ ከነበረው ያነሰ ነው።

«ባትሪያችሁ ነው የደከመው» ብዬ ቱግ አልኩ። ልጄ የነፋሱን መንገድ ለማየት ጥላሸት የገባበት ዘይት ክንፉ ላይ ቀብታ ሞተሩን አስነሳችው። ሲቆም አጎንብሳ አየች፤ ዘይቱ መሃል ላይ ተጠራቅሟል።

«ነፋሱ እዚህ ጋ ክንፉን ይለቀዋል» አለች። የብርጭቆ ወረቀቱን አነሳች፣ እኔን አየች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው? ተናገሪ እንጂ።»

«ክንፉ ትንሽ ስለሆነ ነፋሱ ከለስላሳው ላይ ቶሎ ይላቀቃል። ፊተኛው ጠርዝ ጋ ቀጭን ሻካራ መስመር ቢኖር፣ እዚያ ይረበሽና መልሶ ይለጠፋል። ግን አባዬ፣ ያንተን ሥራ እንዴት ብዬ...»

ልቤ ድንግጥ አለ፤ አልዋሽም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ጭረት ሳጠፋ ነው። ግን መልሱን አግኝታዋለች፤ ያገዳት የእኔ ፊት ብቻ ነበር።

«አምጪው» አልኳት። «አንቺ ከነካሽው ይወላገዳል።»

ሳቀች። ቦታውን በጣቷ አሳየችኝ፤ እኔም ቫርኒሼን በገዛ እጄ ፋቅሁት።

ድሮኗ በደሙ ፈንታ የውሃ ከረጢት ተሸክማ ማዶ ደርሳ ተመለሰች፤ ባትሪዋም ተረፋት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በረራውን ሊያይ የመጣው ኃላፊ ክንፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ጋሼ፣ ይህቺ ጭረት እንዴት አመለጠችዎት?» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ጆሮ ግንዱን እለው ነበር።

«አላመለጠችኝም። ልጄን ጠይቃት፤ ታስረዳሃለች።»

አስረዳችው። ግማሹ አልገባኝም። ስትጨርስ «ሁሉም ክንፎች እንደዚህ ይሠሩ» አለ። እኔ ግን እንደገና እንድታስረዳ፣ ሌላ የሚጠይቃት ሰው በዐይኔ እፈልግ ነበር።