በዙፋን ስም ትይዩ የተጻፈው

በ1962 ዓ.ም. መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት፣ በአቃቂ ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ዲሬክተር፣ አቶ ካሳሁን፣ ለመምህራኑ አዲስ መዝገብ አደሉ። ዓምና አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ ወላጆቹ የት እንደሚገኙ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ነበር።

«ድንገት አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይጠራ? የት ይገኛል? ልጁስ ምን ሕመም አለበት? የሁሉም ይጻፍ» አሉ።

የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዋ አሰጋሽ ስድሳ አንድ ተማሪዎች ነበሯት። ዓርብ ወላጆችን ስትመዘግብ ውላ መዝገቡን ቆልፋበት ስትወጣ፣ የተማሪዋ የዙፋን እናት አሰፋች በሩ ላይ ደረሰችባት። ከጥጥ ፋብሪካው ፈረቃዋን ጨርሳ እየሮጠች ነው የመጣችው፤ ብናኙ ገና ከሻሿ ላይ አልረገፈም።

«እትዬ፣ ዘገየሁ መሰለኝ። ልጄን ንብ ከነደፋት ጉሮሮዋ ያብጣል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። ዓምና ለጥቂት ነው የተረፈችልኝ። እንዲህ ከሆነች ቶሎ ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ውሰዱልኝ፤ እዚያ የሚያክመው ድሬሰር መርፌዋን ያውቃል።»

የአሰጋሽ እህት ደብረ ዘይት ወልዳ ነበርና ልትጠይቃት ቸኩላለች። ባቡሩ ጣቢያው ደርሶ ሲያፏጭ ሰማች።

«እሺ፣ እጽፈዋለሁ» ብላ ሮጠች።

ሰኞ ዲሬክተሩ መዝገቡን ሲጠይቋት «ሕመም» የሚለው ዓምድ ገና ግማሹ ባዶ ነበር። ባዶውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች «የለም»፣ «የለም» እያለች ሞላችው። የዙፋን ስም ላይ ስትደርስ እጇ ለአፍታ እንኳ አልቆመም።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ አሰጋሽ ከተማ ስብሰባ ሄዳ፣ ክፍሏን አቶ ኦላና የሚባል መምህር ያዘላት። በእረፍት ሰዓት አጥሩ ሥር ከፈካው አደይ አበባ መሐል አንዲት ንብ ዙፋንን አንገቷ ላይ ነደፈቻት። ኦላና መዝገቡን ገልጦ አየ። የለም። የተነደፈችበትን በውሃ አጥቦላት «አይዞሽ፣ ይበርድልሻል» ብሎ አስቀመጣት። ትንሽ ቆይቶ ቀና ሲል ከንፈሯ ጠቁሯል። አዝሏት ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ በረረ። መርፌው ባለቀ ሰዓት ደረሰላት፤ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝታ ዳነች።

ቅዳሜ ወላጆች ተሰበሰቡ። ዲሬክተሩ መዝገቡን ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ይኸው፣ የለም ይላል! የልጃችሁን ሕመም እየደበቃችሁ እኛ ምን እናድርግ?»

ሰው ሁሉ ወደ አሰፋች ዞረ። አሰፋች አሰጋሽን ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች።

«ሳልናገር ቀርቼ ይሆናል» አለች።

አጠገቧ የነበረው ባሏ ያደታ ተነስቶ ወጣ። አሰጋሽ ፊት ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ተነስታ ለመናገር ሁለት ጊዜ አስባ ሁለቱንም ጊዜ ተወችው።

ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ድልድዩን ተሻግራ አሰፋች ቤት ሄደች። በር ላይ እንደቆመች፣ «እርስዎ ነግረውኝ ነበር። ያልጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች።

«አውቃለሁ። ባቡሩ ሲያፏጭ ሁሉ ትዝ ይለኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ልጄ ነገ ተመልሳ የምትገባው እርስዎ ክፍል ነዋ።»

አሰጋሽ ሰኞ ጠዋት ለዲሬክተሩ እውነቱን ነግራ፣ ወላጆች እንደገና እንዲጠሩላት ለመነች።

«ልጅቷ ድናለች። ወላጅ እኛን ማመን ካቆመ ነገ ማን ምን ይነግረናል? በይ ተይው» አሏት።

አልተወችውም። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ መዝገቡን ይዛ የተማሪዎቿን ቤት በተራ ማንኳኳት ጀመረች። «አሰፋች ነግራኝ ነበር፤ የለም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ትልና የልጁን ሕመም እንደ አዲስ ትጠይቃለች። አንዱ ሰደባት። አንዲት እናት ልጇን ከክፍሏ አስወጣች። ሌላዋ ደግሞ ልጇ የሚጥል በሽታ እንዳለበት በሹክሹክታ ነገረቻት፤ አሰጋሽ እዚያው ፊቷ ጻፈችው።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አሰፋችን ፋብሪካው በር ላይ አገኘቻት።

«ለሁሉም ነግሬያለሁ» አለቻት።

«ሰምቻለሁ። ያደታ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐዲድ ሥራ ላይ ነው የሚያድረው፤ ወሬው አልደረሰውም። እስካሁን ልጁን ለሞት የሰጠኋት እኔ እመስለዋለሁ።»

አሰጋሽ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሐዲዱን ይዛ ወደ ቃሊቲ አቅጣጫ ሄደች። ያደታ ከጓደኞቹ ጋር ጠጠር ሲደለድል አገኘችው። ሁሉንም ነገረችው፤ እህቷን ለመጠየቅ መቸኮሏን፣ ስብሰባው ላይ ዝም ማለቷን፣ አንድም አላስቀረችም። ያደታ መሬት መሬት እያየ ሰማት።

«አሰፋችን ከዚያ ወዲህ አላናገርኳትም» አለ በመጨረሻ።

«ይቅር ይበሉኝ።»

ያደታ አካፋውን ለጓደኛው አቀብሎ አለቃውን አስፈቀደና ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ። አሰጋሽ ልትከተለው አልደፈረችም። ሐዲዱ ዳር ቆማ፣ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ኋላም በሩጫ ሲርቅ አየችው።