የማንጠግቦሽ ደንበኞች

ሽማግሌው ንፍሮውን ባርከው ሲያበቁ፣ «እንደ ደመላሽ ያለ ወንድም ለሁላችንም ይስጠን፤ እህቱን እስከ መጨረሻዋ ያልተለያት» አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ «አሜን» አለ። የብርጓል ግን አፏን አልከፈተችም። መርዶውን ገበያ ላይ ሰምታ ከማርቆስ ተሳፍራ ሉማሜ የደረሰችው ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነበር። ከገባች ጀምሮ የሰማችው ነገር «አሜን» አላስብል ብሏታል።

የነገሯት የሟቿ እናት እማማ እናኑ ናቸው። ማን እንደሆነች ሲጠይቋት፣ የማንጠግቦሽ ደንበኛ መሆኗን፣ ፀጉሯን የምትሠራት እሷ እንደነበረች ነገረቻቸው። አሮጊቷ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት፣ «እንግዲያ ዘግይተሻል ልጄ» አሉ። ማንጠግቦሽ ክረምቱን ሙሉ እዚሁ ቤት ተኝታ ከርማለች። ደጅ መኪና በቆመ ቁጥር ክንዷን ተደግፋ ወደ በሩ ታይ ነበር። ኋላ ኋላ ግን ደንበኞቿ ሌላ ፀጉር ቤት እንደለመዱ፣ በሽተኛ የሚያስታውስ ሰው እንደሌለ ተናግራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ሌላ ቤት ለምደዋል ያላት ማን ነው?» አለች የብርጓል።

«ወንድሟ ነዋ። ማርቆስ ያለው እሱ፤ የሚያየውን ይነግራታል።»

የብርጓል ማርቆስ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ልጅ ሳለች እሳት ላይ ወድቃ ከግራ ጆሮዋ በላይ ፀጉር የማያበቅል ጠባሳ ቀርቶባታል። በዚህ የተነሳ ራሷን ለማንም ፀጉር ሠሪ አሳልፋ ሰጥታ አታውቅም ነበር። ማንጠግቦሽ ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ ጠባሳው ወደ ግድግዳው እንዲሆን ወንበሩን አዞረችላት። ከዚያም ሹሩባውን ከላይ አምጥታ ሸፈነችው። ከዚያ ወዲያ ወንበሩ ሁልጊዜ እንደዞረ ይጠብቃታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ያቺ ጠባብ ፀጉር ቤት በሴት ትሞላለች። ባሏ የመታት፣ ልጇ ፈተና የወደቀባት፣ ለሠርጓ የተቃረበች፣ ሁሉም ራሷን ለማንጠግቦሽ ጣቶች ሰጥታ የሆዷን ታወጣለች። ማንጠግቦሽ ምክር አታበዛም። ትሰማለች፣ ሲከብድ በቀልድ ታቀለዋለች። እዚያ የተወራ ገበያ ላይ ተሰምቶ አያውቅም።

ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ቅዳሜ ሴቶቹ ሲደርሱ በሩ ተዘግቶ አገኙት። ደመላሽ የእህቱን ታፔላ ያስነቅል ነበር። ማንጠግቦሽ ለሕክምና አዲስ አበባ ዘመድ ጋ መሄዷን፣ ሲሻላት እንደምትመለስ ነገራቸው። በስልክ እንዳይደውሉላት ሐኪም ከልክሏል አለ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው በር ሞባይል መሸጥ ጀመረ። የብርጓል ከገበያ ስትመለስ ጎራ እያለች ትጠይቀዋለች፤ እሱም «ሰላም ብላችኋለች፤ እየተሻላት ነው» እያለ ይሸኛታል። ታምነዋለች።

ሴቶቹ ተበተኑ። መንገድ ላይ ሰላም ተባብለው ይተላለፋሉ እንጂ አረፍ ብለው የሚያወሩበት ደጅ አጡ። የብርጓል አንድ ጊዜ አዲስ የተከፈተ ሳሎን ሞከረች። ቴሌቪዥኑ ይጮሃል። ሠራተኛዋ የብርጓልን ራስ እንደ ጥቅል ጎመን ወዲያ ወዲህ ስታገላብጥ ቆይታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይሄ ነገር ይጋባል እንዴ?» አለቻት። የብርጓል ከነእርጥብ ፀጉሯ ተነስታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሻሿን አውልቃ አታውቅም።

ለካ ማንጠግቦሽ ሉማሜ ነበረች። ጠዋት ሄደው ለምሳ የሚመለሱበት አገር! ይኸው አሁን ያ ሰውዬ ጥቁር ለብሶ ይመረቃል።

ከሰዓት በኋላ አልቃሿ ሙሾ ማውረድ ጀመረች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። የብርጓል ብድግ አለች። በለቅሶ ቤት ድምፅዋን አሰምታ አታውቅም። መሃል ገብታ ደመላሽን ትክ ብላ እያየች እንዲህ አወረደች፦

«ደም መላሽ ብትለው እናት ስም ስታወጣ፣
ደጅ መላሽ ሆነልሽ ጠያቂ ሲመጣ።»

አልቃሿ ነገሩ ገብቷታል። ከዚያ ራሷ ደገመችው፤ ሴቶቹም ተከትለው አነሱት። ወንዶቹ በተቀመጡበት በኩል ሹክሹክታው በረከተ። ደመላሽ ፊቱ ጠቁሮ ወደ የብርጓል ቀረበ።

«ለእሷ ብዬ ነው» አለ በዝግታ። «ከስታ፣ ተጎሳቁላ ነበር። እንዲያ ሆና እንድታዩዋት አልፈለግሁም።»

«አልፈለግሁም ነው ወይስ አልፈለገችም?»

ዓይኑን ወደ ድንኳኑ በር አሸሸ።

«ሱቁን ፈልገህ ነው። እሱንስ ውሰደው። እኛን ግን በፊቷ ከሃዲ አድርገህ ቀበርሃት።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ለዚህ ነገር ሐዘን ቤት ቦታው እንዳልሆነ ተናገሩ። የብርጓል ዞር ብላ፣ «የት ነው ቦታው፣ አባቴ?» አለቻቸው። ሽማግሌው አቀርቅረው ጭራቸውን ማወዛወዝ ያዙ። ደመላሽ ጋቢውን ሰብስቦ ከድንኳኑ ወጣ፤ ተከትሎት የወጣ ሰው አልነበረም።

የብርጓል ተናግራ ሲወጣላት የሚቀልላት መስሏት ነበር፤ አልቀለላትም። ሄዳ እማማ እናኑ አጠገብ ተንበረከከች።

«እማማ፣ አልረሳናትም። ደጁን እየረገጥን ስንጠይቅ ነው የከረምነው።»

«ለእኔ ነገርሽኝ» አሉ አሮጊቷ። «ለእሷ ማን ይንገራት?»

አሮጊቷ ልጃቸው በወጣበት በኩል ብዙ ቆይተው ተመለከቱ። «እሱም ከዚሁ ከማህፀኔ ነው የወጣ» አሉ ለራሳቸው። የብርጓልን እንዲህ አደረግሽ ብለው አልወቀሷትም፤ ደግ አደረግሽም አላሏት።

ዝቅ ብለው ሲያዩ የብርጓል እጅ እንደተጨበጠ ነው። ያዙትና ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቁ፤ ከዚያም የራሳቸውን እጅ መዳፏ ውስጥ አስቀመጡ።