ክኒኑ ከቁልፎቹ መሀል

ሥራዬ መቁጠር ነው። በቤተ ሙከራችን ተሰብሮ የነበረ የጥንቸል አጥንት በስሱ ተቆርጦ፣ መስታወት ላይ ተለጥፎ ይመጣልኛል። እኔ ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅሬ፣ ስብራቱን ሊጠግኑ የበቀሉትን የደም ስሮች እቆጥራለሁ። ስሮቹ እንዲታዩ ሰማያዊ ቀለም ተሞልተዋል። የትኛዋ ጥንቸል መድኃኒት እንደወሰደች፣ መድኃኒቱም ምን እንደሆነ አይነገረኝም፤ መስታወቱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። "ካወቅሽ ዓይንሽ ያዳላል" ይላሉ አለቃዬ። ዓይኔን እንኳ አያምኑትም!

አንዳንዱ ስብራት ሰማያዊ ክር የተበተነበት ይመስላል። አንዳንዱ ግን ባዶ ነው፤ ክሩ አፋፉ ላይ ደርሶ ይቆማል። ቤት ገብቼ ጋደም ስልም አይለቀኝም። በአባዬ የተሰበረ አጥንት ውስጥ የምሄድ ይመስለኛል፤ ነጭ ኮሪደር፣ ጭር ያለ። ብጣራ መልስ የሚሰጠኝ የለም።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ቅልጥሙ ከተሰበረ ስድስት ወር ሆነው፤ አልገጥም ብሏል። የስፌት መኪናው በእግር የሚረገጥ ነው፤ እግሩ ካልዳነ ሊሸጠው ነው። "ያረጀ ጨርቅ ክር አይዝም፣ ልጄ" ይለኛል። እኔም ደሜ ይፈላል፤ ገና ስልሳ እንኳ ሳይሞላው!

ቆጠራው ያለቀ ዕለት አለቃዬ የታሸገውን ፖስታ ቀደው ዝርዝሩን አነበቡ። ባዶዎቹ መድኃኒት የወሰዱት ነበሩ። ስሙ ፕሬድኒሶሎን፣ ስቴሮይድ ነው። "ለአስም የሚታዘዘው" ሲሉ የአባዬ አስም ትዝ አለኝ።

በቀጥታ ወደ ቤት በረርኩ።

"አባዬ፣ የትንፋሽህ ክኒን ስሙ ማነው?"

"ነጩ ነዋ።"

አባዬ ክኒን ከካርቶኑ አውጥቶ የቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምራል፤ ከነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ጋር። የአጥንት ሐኪሙ "ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?" ሲለው እንኳ "ለትንፋሽ ትንሽ ነጭ ነገር" ብሎ አልፏል። ካርቶኑን ፈልጌ አገኘሁት፤ ቆርጦ የቁልፍ ቀዳዳ መለኪያ አድርጎታል። የተረፈው ፊደል "ድኒሶሎን" ይላል።

አለቀስኩ። የጥንቸሎቹን ስሮች ስቆጥር የአባቴ ክኒን ዓይኔ ስር ነበር። አጥንቱ ያልገጠመው በዚህ ክኒን ሊሆን እንደሚችል ነገርኩት።

"እንግዲያው ይጣላ!" ብሎ ቆርቆሮውን አነሳ።

"እንዳታደርገው! በአንዴ ከተተወ ለሕይወትህ ያሰጋል። ነገ ሐኪሞቹ ጋ አብረን እንሄዳለን፤ መቀነስ ካለበት እነሱ ቀስ እያሉ ይቀንሱልሃል።"

"እግሬስ ይድናል?"

"አላውቅም" አልኩት። መዋሸት አምሮኝ ነበር።

 የክኒኑን ስም ሙሉውን እንድጽፍለት ጠየቀኝና ሰማያዊ ክር መኪናው ላይ አስገባ። ስሙን ኮቱ ውስጥ ሊሰፋው ነው፤ የሚጠይቀው ሐኪም ሲመጣ ገልጦ ሊያሳይ። ግን ማን ይርገጥለት? ጠረጴዛው ስር ገብቼ፣ ከታሰረው እግሩ አጠገብ ቁጭ አልኩና ፔዳሉን በሁለት እጄ ገፋሁ።

"ቀስ በይ ልጄ፣ ክሩ ይበጠሳል" አለኝ ከላይ።

ቀስ አልኩ።